ጨዋታውን ጨርሰሃል አሉኝ

ለዚያ ከሰዓት በኋላ እኔ ራሴ ምስክር ልሆን አልችልም። የምናገረው ከግብ ጠባቂያችን፣ ከወጌሻችንና አንድ ደጋፊ በስልኩ ከቀረጸው ቪዲዮ የለቃቀምኩትን ነው። ሐዋሳ ላይ ነው፣ የከፍተኛ ሊግ ጨዋታ። የማዕዘን ምት ተሻማ፤ እኔና አጥቂያቸው እኩል ዘለልን፤ ግንባሩ ከቀኝ ጆሮዬ በላይ አገኘኝ። ወደቅሁ።

ቪዲዮው ላይ ሁለት ጓደኞቼ ምላሴን ሊስቡ አፌን ሲፈለቅቁ፣ ሦስተኛው ውሃ ሲያፈስብኝ ይታያል። ምላስ እንደማይዋጥ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ የሚያስፈልገው አንገትን ሳያንቀሳቅሱ የአየር መተላለፊያውን ክፍት ማድረግ ነበር። ብቻ ተነሣሁ። ሜዳው አጨበጨበ፤ «አንበሳ!» የሚል ድምፅም ይሰማል። ጨዋታውን ጨረስኩ። እንዲያውም አንድ ኳስ ከግብ መስመር ላይ አውጥቻለሁ ይላሉ።

ማታ ሆቴል ራት ስንበላ ውጤቱን ደጋግሜ ጠየቅሁ አሉ። ወጌሻችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጀመሩኝ።

«ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትን?»

መለስኩ።

«ባለፈው ሳምንትስ?»

«ባለፈው ሳምንትማ ብሔራዊ ቡድን ነበርኩ፤ ሴካፋ ላይ።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። ሴካፋን ያዘጋጀነው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ነበር፤ ዋንጫውን ኡጋንዳ ወሰደው፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበርኩ። ለአገሬ የተጫወትኩት ያችኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጠራኝ የለም። ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንኳ ወደሚወደው ነገር ይሄዳል መሰለኝ።

ጋሼ አልሳቁም። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ያለም ነበር። እሳቸው ክንዴን ይዘው አስነሡኝ፣ ባጃጅ አስቆሙ። መንገድ ላይ አስታወከኝ፤ ሆስፒታል ስንደርስ ስሜን መናገር አቅቶኝ ነበር።

በሲቲ ስካን የታየውን ሐኪሙ በኋላ በወረቀት ስሎ አስረዳኝ። ከጆሮ በላይ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩ የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ይቀደዳል፤ ደሙም በራስ ቅሉና በአንጎል ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። ክፋቱ፣ አንዳንድ ጊዜ የተመታው ሰው ለጥቂት ሰዓታት ደህና ይመስላል። ያወራል፣ ይራመዳል፣ እንደኔ ያለው ኳስ ከመስመር ላይ ያወጣል። ከዚያ ደሙ አንጎሉን ይጫነዋል። ይተኛ ያለው ልጅ ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ቢሰሙት ግን ጠዋት የሚቀሰቅሱት ሰው አይኖርም ነበር። አጥንቴን ከፍተው ደሙን አወጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ብዙም የሚወራላቸው አይደሉም። ብርሃን አስጠላኝ፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ የሰፈሬን ሰው ስም እረሳለሁ። ውሌ አለቀ፤ አልታደሰም።

ተኝቼ የማስበው ስለ ሁለት ሰዎች ነበር። የኢንተር ሚላኑ ተከላካይ ክርስቲያን ኪቩ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የራስ ቅሉ ተሰብሮ በመጋቢት መከላከያ ቆብ አጥልቆ ተመለሰ፤ በግንቦት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አነሣ። እንግሊዛዊው ራያን ሜሰን እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ተጋጨ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በ26 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ሐኪሙን «እኔ የትኛው ነኝ?» አልኩት። ኳስ በቴስታ የማይመታ የመሐል ተከላካይ አይቶ እንደሆነ መልሶ ጠየቀኝ። ገባኝ።

የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው አይፋብ የጭንቅላት ጉዳት ለደረሰበት ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ በ2024 ሕጉ ውስጥ ገባ፣ ያውም ውድድር አዘጋጁ ከወደደ። ጥሩ ነው። ግን አንድ ቅያሪ ጨመሩም አልጨመሩ፣ ልጁ ሲነሣ ከሚያጨበጭበው ሕዝብ ፊት «ውጣ» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ በታች ሊጎች ያ ሰው ወጌሻው ነው፣ ወጌሻ ካለ።

አሁን ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ። የጋሼን ጥያቄዎች ወርሻለሁ፤ ዛሬ ከማን ጋር ነን፣ ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ነበርን፣ የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ። በቅርቡ አንዱ ተከላካይ ተጋጭቶ ወደቀ። ሁሉንም በትክክል መለሰልኝ። አስወጣሁት። አንድ ለባዶ ተሸነፍን፤ አባቱ እስካሁን ሰላም አይሉኝም።