የመጨረሻው የመጨረሻ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ መሐንዲስ ንድፍ ምን አገባው የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም እስካለፈው የካቲት ድረስ እንዲሁ ስንል ቆይተናል። በእጃችን ስሕተት የሰው ገንዘብና ላብ ከባከነ በኋላ ግን ዝም ማለቱ አላማረንምና ነገሩን እንደ ሆነው እናጫውታችኋለን።

ሦስታችንም የምንኖረው ዓይደር ነው፤ ስሙን ለትልቁ ሆስፒታል ባዋሰው ሰፈር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል። ከመንደሩ ወጣቶች ጋራ ቡና ስንጠጣ የተነሣው ወሬ አድጎ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች የማታ ማንበቢያ የምትሆን አንዲት ቤት እንሥራ ተባለ። ገንዘቡ ከየቤቱ ተዋጣ። ንድፉን የሕንፃ ጥበብ የሚማር ጓደኛችን በኮምፒዩተር ነደፈ፤ የምሰሶውንና የፌሮውን ሒሳብ አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ወጣት መሐንዲስ ያዘ፤ የመብራቱን መሥመር አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፤ ቁፋሮውንና ግንቡን ደግሞ አቦይ የምንላቸው ሽማግሌ ፎርማን። እኛ ከሲሚንቶም ከፌሮም ስለማንገባ «እናንተ ጸሐፊ ሁኑ፤ ንድፉን ከአንዱ ወደ አንዱ አስተላልፉ» ተባልን። ቀላል ሥራ መስሎን ደስ አለን።

ቀድሞ ንድፍ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ይሠራ ነበር። እናቲቱ አንዲት ናት፤ ከእርስዋ ግልባጭ ይወጣል። አንድ ሰው መሥመር ማንቀሳቀስ ቢፈልግ ወደ እናቲቱ መምጣትና በምላጭ ፍቆ እንደገና መሣል ነበረበት። (ይህችን መጽሔት ስናባዛም እንደዚሁ ነው፤ ስሕተታችን እንኳ በሁሉም ቅጂ ላይ አንድ ዐይነት ነው።) እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ አውቶካድ የተባለው ፕሮግራም ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ንድፍ ፋይል እየሆነ መጣ። ፋይል ሲገለበጥ ግልባጩ ከእናቲቱ በምንም አይለይም። ለአምስት ሰው ብትልከው አምስት እናት አለህ ማለት ነው፤ አምስቱም በየቤታቸው መሥመር ያንቀሳቅሳሉ።

እኛ ይህን ከቶ አላሰብነውም። አንድ የቴሌግራም ቡድን ከፈትን፤ የፈለገ ገባ። ንድፉ ሲመጣ ስሙ «ማንበቢያ የመጨረሻ» ነበር። ቀጥሎ «የመጨረሻ 2» መጣ፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ በመጨረሻም «ይኸኛውን ተጠቀሙ» የሚል። አንድ ጊዜ መሐንዲሱ የላከው ንድፍ እኛ ዘንድ ሲከፈት ባዶ ፍሬም ብቻ ሆነ። ለካ ንድፍ ሌሎችን ንድፎች እየጠቀሰ ይሠራል፤ የተጠቀሱት አብረው ካልተላኩ የሚደርሰው ዐፅሙ ብቻ ነው። እኛም በነገሩ ስቀን አለፍን።

ጓደኛችን ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን እንዲገባ ብሎ በምሰሶና በምሰሶ መካከል የነበረውን 3 ሜትር ከ60 ወደ 4 ሜትር አሳድጎት ነበር። መሐንዲሱም ፌሮውን በዚያው ልክ አስልቶ ላከ። ለፎርማኑ አትመን የሰጠነው ግን የቀድሞውን ነበር። ምሰሶዎቹ በሁለት ረድፍ አራት አራት ሆነው ስምንት ናቸው። ልኬቱ ከአንድ ጫፍ ስለሚነሣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች በቦታቸው ሲሆኑ የቀሩት ስድስቱ ሳቱ፤ የመጨረሻዎቹ በ1 ሜትር ከ20። ይህ የታወቀው ተቆርጦ የመጣው ፌሮ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘረጋ ረዝሞ በመገኘቱ ነው። አቦይ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ዘርግተው ለኩ። ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ እኛን አዩ።

«እኔ እንደ ወረቀቱ ቆፈርሁ። ወረቀቱን የሰጣችሁኝ እናንተ» አሉና ዶማቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ። አልተቈጡም፤ ቢቈጡን በተሻለን።

በዶማና በድጅኖ የተቈፈረ የስድስት ሰው ሥራ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ገንዘባቸውን መቀበል አለባቸው፤ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለምና። ሒሳቡ የተከፈለው ከተዋጣው ላይ ነው። ከአዋጪዎቹ መካከል እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ፣ ሁላችንም አደይ የምንላቸው እናት አሉ። በስብሰባው ላይ ቆመን ጥፋታችንን ስንናገር ዐይናችንን ከእርሳቸው ላይ ማንሣት አቃተን። እርሳቸው ግን ስለ ጉድጓዱ አልጠየቁም።

«ያ ስዕል አሁን በስንት ሰው እጅ ነው?» አሉ።

አላወቅንም። ቡድኑን ከፍተን ስንቈጥር 31 ሰው ነበረበት፤ ዘጠኙን ከእኛ መካከል የሚያውቃቸው አልተገኘም። ከቡድኑ የወጡትም የወሰዱትን ይዘው እንደ ወጡ ነው። በንድፉ ላይ ባትሪው የሚቀመጥበት ጓዳ፣ ከውስጥ የማይቈለፈው መስኮት፣ ሕፃናቱ የሚቀመጡበት ቦታ ሁሉ በልኩ ተጽፏል። አንባቢ ሆይ፣ በሌላ ሰፈር ቢሆን የአደይ ጥያቄ ያስቅ ይሆናል። ዓይደር ግን ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች በትምህርት ቤት ላይ ቦምብ የጣሉበትና ሕፃናት፣ እነርሱን ለማንሣት የሮጡ ሰዎችም ጭምር ያለቁበት ሰፈር ነው። ያ ቦምብ ንድፍ አይቶ አልወደቀም ብለን ልንከራከር እንችል ነበር። አልተከራከርንም።

ታዲያ መደበቅ ይሻላል ወይ? ከእኛ አንዱ በዚያ ሌሊት እንዲህ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ንድፉ በአንድ ኮምፒዩተር ይቀመጥ፣ የሚፈልግ መጥቶ ይይ። ሁለተኛው ግን የአባቱን ነገር አነሣ። አባቱ ንድፍ አውጪ ናቸው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ስልኩ በመካከል ለጥቂት ወራት በመቀሌ ቢመለስም፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንኳ ኢንተርኔቱ ለብዙ ሰው ወዲያው አልመጣም። በዚያ ዘመን የአባቱ ኮምፒዩተር ከነሥራው ጠፋ። ዛሬ በእጃቸው ያለው ንድፍ ለሌላ ሰው ሰጥተውት የነበረው ብቻ ነው፤ ቈልፈው ያስቀመጡት አንድም አልተረፈም። ይህን ከሰማን በኋላ ስለ መደበቅ የተናገረ የለም።

በማግሥቱ ጓደኛችን ዘንድ ሄደን ተማርን። አንዱ ያስደነገጠን ነገር ፍላሽ ነው። አውቶካድ አንድን ንድፍ ሲከፍት፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ በተወሰነ ስም የተቀመጠች ትንሽ የትእዛዝ ፋይል ካገኘ፣ በተለይ የቀድሞው አውቶካድ፣ ሳይጠይቅ ይፈጽማታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢሴት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ያጋለጠው ቫይረስ በዚህ መንገድ፣ በአብዛኛው በፔሩ፣ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ንድፎችን እየሰረቀ በኢሜይል ወደ ቻይና ይልክ ነበር። የእኛ ፍላሽ ደግሞ ከማተሚያ ቤት ወደ ማተሚያ ቤት ሲዞር የከረመ ነው። ሌላው፣ ንድፍን በራሱ በአውቶካድ በይለፍ ቃል መቈለፍ ከ2016ቱ እትም ወዲህ ቀርቷል። ስለዚህ ፋይሎቹን ጠቅልሎ በሰቨን ዚፕ መቈለፍ፣ ቃሉንም ፋይሉ በሄደበት መንገድ ሳይሆን በስልክ በአፍ መንገር ያስፈልጋል። በቴሌግራም ቡድን የተላከ ነገር ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተመሰጠረ እንዳልሆነም ያወቅነው ያን ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 መውጣት የጀመረው አይኤስኦ 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ንድፍን በአራት ቤት ይከፍለዋል፤ ገና እየተሠራ ያለ፣ ለቡድኑ የተካፈለ፣ ጸድቆ ለሥራ የወጣ፣ በመዝገብ የተቀመጠ። ጓደኛችን ይህን ሲነግረን ደብተር የሚይዝ ሰው አጣን እንጂ ነገሩ አዲስ አልሆነብንም። በክፍል ውስጥ የአንድን የብራና መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች ስናስተያይ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ማን ገለበጠው? መቼ? ከየትኛው? ደግ ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙንና ዘመኑን ይተዋል። እኛ በራሳችን ዘመን «ይኸኛውን ተጠቀሙ» ብለን ላክን።

ቡድኑን ዘጋን። ንድፉ በጉግል ድራይቭ በአንድ ፎልደር ተቀመጠ፤ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲከፍተው ሳይሆን በስም ለተጻፉ አራት ሰዎች ብቻ። ማረም የሚችለው የነደፈው ነው፤ ሌሎቹ ያያሉ። ለፎርማኑ የሚሄደው ፒ ዲ ኤፍ ታትሞ ነው፤ በርዕሱ ሣጥን ውስጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ እየተባለ ተራው፣ ቀኑና የሰጪው ፊርማ ይጻፍበታል። መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔትም ሲቋረጥ እንዳንቸገር አንድ የታተመ ቅጂ በእኛ ሣጥን፣ አንድ የተቈለፈ ፍላሽ በአደይ ቤት ይቀመጣል። አደይ ፍላሹን ከቡና ዕቃቸው ጋራ አስቀምጠውታል፤ ማን መጥቶ እንደ ጠየቀ ለመናገር ከማንኛውም ኮምፒዩተር ይበልጣሉ። ሁሉም በደብተር ይመዘገባል። አዲስ ቅጂ የሚሰጠው አሮጌው ሲመለስ ነው፤ በተመለሰውም ላይ «ተሽሯል» ብለን በቀይ እንጽፋለን። ደንቡን ስናወጣ ጓደኛችን ጥቂት ሳቀብን፤ ለአንድ ክፍል ቤት ይህን ያህል ሥርዓት ብሎ። ስድስቱን ጉድጓድ መልሰው የሞሉት ሰዎች ግን አልሳቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ንድፍ ሠ ወጣና ይዘን ወደ አቦይ ወረድን። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፤ ጣሪያው ቀርቷል። ንድፍ መን ይመልሱልን ዘንድ ጠየቅናቸው። አቦይ ከኮታቸው ኪስ አወጡት፤ ቆሎ ጠቅልለውበታል። ቆሎውን በእጃችን ላይ አፈሰሱና ወረቀቱን አራግፈው ሰጡን። በደብተሩም ላይ «መ ተመልሷል» ብለን ጻፍን፤ እርሳቸውም ፈረሙ።