የቡልቡላዋ ሉሉ

ከባቱ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው ቡልቡላ ውሻ ብርቋ አይደለም። የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ የሚጠብቅ፣ ከብት የሚከተል፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ አጥር ሥር ሆኖ የሚመልስ ውሻ ሞልቷል። ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ጡረተኛ መምህር ልጃቸው ከአዲስ አበባ «አባዬ፣ ብቸኝነትዎን ታስረሳዎታለች» ብላ ቺዋዋ ይዛላቸው ስትመጣ ሰፈሩ ሳቀ። «ይሄ ሰሬ ነው አዱሬ?» አሉ ጎረቤቶች፤ ውሻ ነው ወይስ ድመት ማለታቸው ነው። እሳቸው ስም ለማውጣት አልተቸገሩም፤ ሉሉ አሏት።

ስሙ ከቤተ መንግሥት የወረደ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉም ቺዋዋ ነበረች። በ1967 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱ በካናዳ የሞንትሪያልን ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ሲጎበኙ አብራቸው ነበረች። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸና እንደነበርና የሚያብስ አገልጋይ እንደተመደበ ጽፏል። መጽሐፉ ከታሪክ ይልቅ ለልብ ወለድ ይቀርባል ብለው የሚተቹት ብዙ ናቸው። ወሬው ግን ቀረ፤ ትንሽ ውሻ ማለት የጌታ መጫወቻ ማለት ነው የሚለው ስሜትም አብሮ ቀረ።

የቡልቡላዋ ሉሉ መጫወቻ አልሆነችም። እንግዳ ሲገባ ትንቀጠቀጣለች፣ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ከዚያ ሆና ትጮኻለች። ሰፈሩ «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» አለና ናቃት። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት ልጅ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ከአልጋው ሥር ጎትታ ልታቅፋት ስትል እጇን ነከሰቻት። ደም ጠብ አለ።

አሁንም ሰው ሳቀ። «ጋሼ፣ ምን ያሳስባል፣ ጭረት እኮ ናት» አለች የሕፃኗ እናት ሳትቀር።

«ልጄ፣ በሽታው የውሻውን ቁመት አይለካም» አሏት።

ልጃቸው ሻጩ ጋ ደወለች። ውሻዋ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መከተቧን የሚያሳይ ወረቀት የለም። በሽታው በምራቅ ይተላለፋል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጠበ፤ ሕፃኗ የዚያኑ ዕለት ክትባት ጀመረች። ሉሉም ለ10 ቀን ተዘግቶባት በዓይን ተጠበቀች። በእነዚያ 10 ቀናት መምህሩ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ማለዳ ማለዳ ውሃ አቅርበው መጠጣቷን ያያሉ። በ11ኛው ቀን ሉሉ እንደ ልማዷ ጮኸች። ጩኸት እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ጥፋቱ የውሻዋ ነው? በትንሽነታቸው ብቻ «ቆንጆ» እየተባሉ የሚገዙ ውሾች ጠባያቸው አንድ አይደለም። ጃክ ራስል ቴሪየር በእንግሊዝ ቀበሮን ከጉድጓድ ለማስወጣት የተራባ አዳኝ ነው፤ ሥራ ካልሰጡት ግቢውን ይቆፍራል። የጀርመኑ ዳክሰንድ እግሩ ያጠረው ጉድጓድ ገብቶ እንዲያድን ነው፤ ግትር ነው፣ ረጅም ወገቡም ከከፍታ ሲዘል ይጎዳል። ዮርክሻየር ቴሪየር ጸጉሩ በሪባን ቢታሰርም የአይጥ አዳኝ ልጅ ነው። ትንሹ ፑድል ብልህ ነው፣ ቶሎ ይማራል፤ ጸጉሩ ግን ማደጉን ስለማያቆም ዘወትር መከርከም አለበት። የቻይና ቤተ መንግሥት ውሻ የነበረው ሺትዙ ለሰው ገራም ነው፤ አፍንጫው ድፍጥጥ ስለሆነ ግን በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ትንፋሽ ያጥረዋል። ቺዋዋ ደግሞ 3 ኪሎ ሳትሞላ አንድ ሰው መርጣ ትወዳለች፣ ሌላውን ትጠረጥራለች።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በሰው ላይ ጠበኝነት በማሳየት ከፍ ያለ ነጥብ ካገኙት ዝርያዎች መካከል ዳክሰንድንና ቺዋዋን አስቀምጧል። ትልቅ ውሻ ሲያጉረመርም ሰው ይሸሻል፤ ትንሽ ውሻ ስታጉረመርም ይስቃል። ማስጠንቀቂያዋን የሚሰማት ያጣች ውሻ የሚቀራት ጥርሷ ነው።

ዝርያ ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የዳሰሰ ጥናት፣ ዝርያ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። የቀረው ከሌላ ነው፤ ከአስተዳደግ፣ ከኑሮ፣ ከራሷ ከውሻዋ ተፈጥሮ።

ስለዚህ በካርቶን ተይዛ የምትሸጥ ቡችላ ሲያዩ ከዋጋዋ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ተከትባለች? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ቺዋዋ 15 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ያን ያህል ጊዜ ማን ይንከባከባታል?

የመምህሩ ሉሉ ዛሬ ተከትባለች። የሰፈሩ ልጆችም አንድ ሕግ ተምረዋል፦ እሷ ወደ እናንተ ትምጣ እንጂ እናንተ ወደ እሷ አትሂዱ። የተነከሰችው ሕፃን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ሉሉ ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን አትመጣም። ሁለቱም ተስማምተውበታል።