ቨልካን ላይ የተነሳው ክርክር

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ሄዳችሁ የምታውቁ አያቶች ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። ሻንጣ ይከፈታል፣ በርበሬው ሽሮው ይወጣል፣ ልጆቹ ተራ በተራ ይሳማሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄድና እናንተ ከፍሪጁ ድምፅ ጋር ትቀራላችሁ። ባለፈው ክረምት ካልጋሪ፣ ካናዳ፣ ልጄ ቤት ስከርም የገጠመኝ ይኸው ነበር። የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጄ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ቢውልም ክፍሉን ዘግቶ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ቃል እያጠረው ወደ እንግሊዝኛው ይሸሻል። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የነርስ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ኩላሊት እንጂ ስለ ልጅ ጨዋታ አያወራም።

አንድ ማታ ሻይ ይዤለት ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያየው ስታር ትሬክ የሚባለውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም ነበር። እኔ ለወሬ መክፈቻ ያህል «ያ ጆሮው ሹል የሆነው ማነው?» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእራት በኋላ አብረን አየን። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የመጀመሪያው ተከታታይ 79 ክፍሎች ብቻ ኖሮት በ1969 ቢቆምም፣ ተመልካቹ አልተወው ብሎ ልጆችና የልጅ ልጆች ወልዷል፤ ዛሬ ሁሉም ሲደመር ከስምንት መቶ ክፍል በላይ ነው። እኔን መጀመሪያ የማረከኝ የመርከቧ ክሊኒክ ነበር። ከታካሚው አልጋ በላይ ያለው ሰሌዳ የልብ ምቱንና አተነፋፈሱን ማንም ሳይነካው ያሳያል። እኔ ሥራ ስጀምር አንድ የደም ግፊት መለኪያ ለሁለት ዋርድ እንዋዋስ ነበር።

ከካልጋሪ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨልካን የሚባል ከተማ እንዳለ የነገረኝ ልጁ ነው። ቨልካን በፊልሙ ውስጥ ጆሮው ሹል የሆነው ሚስተር ስፖክ የተወለደበት ዓለም ስም ነው። እናቱን ለመንናት፤ አንድ ቅዳሜ የሦስት ዓመቷን እህቱንም ጭነን ሄድን።

መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሰማዩ ከመሬቱ ይበዛል። ግራና ቀኙ እስከ አድማስ ቢጫ አበባ ለብሷል። አደይ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ልጄ «ካኖላ ነው እማዬ፣ ዘይት የሚጨመቅበት» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው የእኛው ጎመን ዘር ዘመድ ነው።

ከተማዋ ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላባት የስንዴ አገር ናት። ድሮ የባቡር ሐዲዱን ተከትለው ዘጠኝ ረጃጅም የእህል ጎተራዎች ቆመውባት ነበር ይባላል። ስሟንም ያገኘችው ፊልሙ ከመፈጠሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀድማ ነው፤ የባቡር መንገድ ቀያሽ በሮማውያን የእሳት አምላክ ስም ሰየማት። በኋላ ነዋሪዎቹ አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1995 የጠፈር መርከብ ሐውልት ሠርተው መግቢያው ላይ አቆሙ። ሥሩ ያለው ጽሑፍ እንግዳውን በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በፊልሙ በተፈጠሩት በቨልካንና በክሊንጎን ቋንቋዎች እንኳን ደህና መጣህ ይላል። የእንግዳ መቀበያ ቤታቸው ራሱ የጠፈር መርከብ መስሎ ነው የተሠራው። ከንፋሱ የተነሳ ነጠላዬን ሁለቴ ተከትዬ አስያዝኩት፤ የምትሄዱ ካላችሁ በሐምሌም ቢሆን ሹራብ ያዙ።

ስፖክን የተጫወተው ሌናርድ ኒሞይ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተማዋን ጎብኝቷል፤ የነሐስ ምስሉም የእጁ አሻራም እዚያ ይታያል። ጣቶቹን ለሁለት ከፍሎ የሚሰጠውን ሰላምታ ያመጣው በልጅነቱ በአይሁድ ምኩራብ ካህናቱ ሲባርኩ ካየው ነው። ሲጋራ ካቆመ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያዘው፤ ሰው እንዲያቆም እየመከረ በ2015 አረፈ። ይህን ለልጅ ልጄ በነርስነቴ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ሁለተኛው በዝቶበታል።

ልጄ ትንሿን ይዛ ወደ መጫወቻው ስትሄድ እኛ መቀበያው ቤት ውስጥ ቀረን። ከእኔ ዕድሜ የማይርቁ ባለ ባርኔጣ አዛውንትና ሰማያዊ የመርከቧን ልብስ የለበሰች አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ይከራከራሉ። ጉዳዩ ከክፍሎቹ ሁሉ የቱ ይበልጣል ነው። እንደ ቡና ክለብና እንደ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች ነበሩ፤ ልጄን ጠየቁት፣ እሱም ዘሎ ገባበት። የእሱ ምርጫ ካፒቴን ፒካርድ በጠላት ተማርኮ ሰውነቱ ወደ ማሽንነት የሚቀየርበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ነው። አዛውንቱ ሳቁ። «አንተ ሁለተኛውን ክፍል በዚያው ማታ አየኸው፤ እኛ እኮ ሦስት ወር ጠብቀናል» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በሰኔ ወጥቶ ሁለተኛው የታየው በመስከረም ነበር።

ሴትዮዋ «ውስጣዊው ብርሃን» የሚለውን የ1992 ክፍል ይዛ ሙጭጭ አለች። ፒካርድ ራሱን ስቶ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሌላ ዓለም ላይ አንድ ሙሉ ዕድሜ ይኖራል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ዋሽንት ይማራል፣ የልጅ ልጅ ያያል። ያ ዓለም በድርቅ እየሞተ ነው። ሰዎቹ መዳን እንደማይችሉ ሲያውቁ የሚያስታውሳቸው ሰው ፍለጋ ትዝታቸውን ወደ ጠፈር ላኩት። ሲነቃ ሁሉም ከሺህ ዓመት በፊት ጠፍተዋል፤ በእጁ የቀረው ዋሽንቱ ነው። እኔ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

አዛውንቱ ግን ከ1967ቱ «በዘላለም ጫፍ ላይ ያለችው ከተማ» የሚበልጥ የለም አሉ። ለማያውቀው ላሳጥረው። የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ማኮይ መርከቧ ስትናጥ በእጁ የያዘውን መድኃኒት በስህተት ራሱን ይወጋና ያብዳል። (መድኃኒቱን ሳያስቀምጥ ምን ይዞት ይዞራል ብዬ መጮኼን አልክድም።) በጊዜ በር አልፎ እ.ኤ.አ. 1930 ኒው ዮርክ ይገባል። እዚያ ለድሆች ሾርባ የምታበላ ኤዲት የምትባል ሴት ታስታምመዋለች። ሊፈልጉት ተከትለውት ከሄዱት አንዱ ካፒቴን ኪርክ ይወዳታል። ግን እሷ ከኖረች የምትመራው የሰላም እንቅስቃሴ አሜሪካን ከጦርነቱ ያዘገይና ሂትለር ያሸንፋል። መኪና ሊገጫት ሲመጣ ማኮይ ሊያድናት ይሮጣል፤ ኪርክ አንቆ ይይዘዋል።

እኔ ሳልጠየቅ «ሐኪም አይያዝም!» አልኩ። አዛውንቱ ዞሩ። «አንዷን ካዳነ ሚሊዮኖች ይሞታሉ እኮ» አሉኝ። «ይህን ማኮይ አያውቅም። ከፊቱ ያለችው ያስታመመችው ሴት ናት፤ የሐኪም ሥራ መሮጥ ነው።» «እሺ፣ እርስዎ ኪርክን ቢሆኑስ?» አሉ።

በእንግሊዝኛ ጀመርኩና ቃሉ ጠፋብኝ። በአማርኛ ቀጠልኩ፤ ልጁ ከሥር ከሥር ይተረጉም ጀመር።

በ1977 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ነበርኩ። ወሎ ውስጥ ወደ አንድ የድርቅ መጠለያ ተላክሁ። በየጠዋቱ ከተሰለፉት ሕፃናት ወደ ምገባው የሚገቡትን የምንመርጠው እኔና አንድ ጓደኛዬ ነበርን። የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ተሰጥቶናል። ወተቱ ለሁሉም አይበቃም። በጣም የተጎዳው ቢገባም አይተርፍም ተብሎ ይታለፋል፤ ሻል ያለው ገና ነው ተብሎ ይታለፋል፤ መሐል ያለው ይገባል። አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ወንድሟን አዝላ መጣች። የእሱን ክንድ ለካሁ፣ ገባ። የእሷን አልለካሁም። አዝላው ስለመጣች ትልቅ መስላኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ወንድሟ እያለቀሰ ሲጠራት ሰልፉ ውስጥ ፈለግኋት፤ የለችም።

ልጁ እዚህ ሲደርስ ትርጉሙን አቆመ። ፊቱን አየሁት። እኔም ይህን ለእናቱ እንኳ ነግሬያት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «ቀጥል» አልኩት። ቀስ ብሎ ጨረሰው።

«ኪርክ ቢያንስ የሚመጣውን ያውቅ ነበር» አልኳቸው። «እኛ የምናውቀው ቁጥሩን ብቻ ነበር።»

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሴትዮዋ የልጅቷን ስም ጠየቀችኝ። አልጠየቅኋትም ነበር።

በኋላ ቡና አመጡልን፤ ቀጭን ቡና ነው፣ ግን ትኩስ። አዛውንቱ አሁንም የእኔ ክፍል ይበልጣል አሉ፣ ሴትዮዋም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ልጁ ለእህቱ የስፖክ ጆሮ ገዛላት። እስክንገባ ድረስ አላወለቀችውም።

መንገዱን ሙሉ ልጁ አላወራም። ማታ ሻይ ይዤለት ስገባ የእናቱን የልብስ ስፌት ሜትር ክንዱ ላይ ጠምጥሞ አገኘሁት።

«ሃያ አራት» አለኝ።

«እሱ ላንተ አይሆንም፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ነው» አልኩት።

ተነስቶ ወጣ። እህቱ ሳሎን ሶፋው ላይ ጆሮዋን እንዳደረገች ተኝታለች። እጅጌዋን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ሜትሩን ዞረባት። የት ጋ እንደሚለካ አሳየሁት፤ ከትከሻና ከክርን መሐል፣ ሳይጠብቅ።

«አሥራ ስድስት ተኩል» አለ በሹክሹክታ። «የእናንተ መስመር ስንት ነበር አያቴ?»

ነገርኩት።