ጓንዴና የቆቅ አደን በገነተ ማርያም

ስለ አደን የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንበሳ ስለ ገደለና ዝሆን ስለ ጣለ ጀግና ነው። እኛ ግን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንተርከው ስለ አንድ ቆቅና አፈሙዙ ስለ ተቈረጠ ጠበንጃ ነው። ነገሩም የተፈጸመው በላስታ፣ በገነተ ማርያም፣ በ1955 ዓ.ም. ነው፤ እኛም ሁለት ወንድማማቾች በዚያን ጊዜ አንዳችን የ12፣ አንዳችን የ10 ዓመት ልጆች ነበርን። አሁን ሁለታችንም ሸምግለናል።

ገነተ ማርያም ከአንድ ዐለት ተፈልፍላ፣ ዙሪያዋን በአራት ማዕዘን ዐምዶች ታጅባ የቆመች፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደ ታነጸች የሚነገርላት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አገሩም የሚጠራው በስሟ ነው። በስተ ሰሜን ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። በቅጥሯ ካሉት ዛፎች ሥር የሚሰፍረውን ወፍ የሚነካ ሰው አልነበረም፤ ከቅጥሩ ወጥቶ በገደሉና በገብሱ ማሳ የሚውለው ቆቅ ግን የአዳኝ ድርሻ ነበረ።

የላስታ ቆቅ እንደ ሌላው ቆቅ ትንሽ አይደለም፤ አውራው ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ ግንባሩ ጥቁር፣ አናቱ ቀይ ዳማ፣ እግሩ ቢጫ ነው። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ አገራችንን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ በፈረንጆች 1835 ዓመት ለሊቃውንት ያስታወቀው፣ በረዳቱም በኤርክል ስም የሰየመው ይኸው ቆቅ ነው። በ1957 ደግሞ አሜሪካኖች ለአደን ብለው ወደ ሃዋይ ደሴቶች ወስደው ለቀቁት፤ እዚያም ተራባ። የአገራችን ሰው ንቁውን ሰው «ቆቅ ነው» የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ይህ ወፍ ሰው ሲያይ ሽቅብ ይሮጣል እንጂ ቶሎ አይነሣም፤ የተነሣ እንደ ሆነም ቁልቁል ወደ ገደሉ ይወረወራል።

ጠበንጃው ከአያታችን የቀረ ውጅግራ ነበረ። ውጅግራ በፈረንሳዮች አገር በ1874 በእነርሱ አቈጣጠር የወጣ፣ ስሙም ከሠሪው ከግራስ ስም የመጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ፣ የአፉ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር የሚያህል መሣሪያ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ከዘመቱት አባቶቻችን ብዙዎቹ ይህንኑ ተሸክመው ነበር። የአያታችን ግን ጫፉ አብጦ ስለ ተሰነጠቀ አንድ ብረት ሠሪ ከወገቡ ላይ በመጋዝ ቈርጦ ጓንዴ አደረገው፤ የቀረው በርሜል ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ከተቈረጠውም ያልተሰነጠቀው ቁራጭ አልተጣለም፤ እናታችን ምድጃዋ ሥር አኑራ እሳት እፍ ትልበት ነበር።

ለእንዲህ ያለው መሣሪያ አዲስ ጥይት ከየት ይገኛል? ስለዚህ አባታችን የተተኰሰውን ቀለህ መልሶ ይሞላው ነበር። በቂጡ የክብሪት ራስ ፍቆ ያገባል፤ የአገር ባሩድ ሰፍሮ ይጨምራል፤ በላዩ ጨርቅ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያ በኋላ ቀልጦ በውሃ ላይ የተንጠባጠበውን ደቃቅ ርሳስ አፍስሶ አፉን በሰም ይደፍናል። ነገር ግን ደንበኛው የወፍ ጠበንጃ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ሠሪዎቹም ርሳሱ ተሰብስቦ እንዲሄድ ጫፉን ጠበብ ያደርጉታል። ውጅግራ ግን ለአንድ አረር ተብሎ በውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተቈፈረበት ስለ ሆነ ደቃቁን ርሳስ እያሽከረከረ ወደ ዙሪያ ይበትነዋል፤ መካከሉም ባዶ ይቀራል። እንግዲህ አጥብቆ ያነጣጠረ ይስታል፤ ትንሽ ያጣመመ ይመታል ማለት ነው። ከ15 ርምጃ ባሻገር ከሆነ ጩኸቱ ቆቁን ከማባረር በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።

አሜሪካኖች በ1934 በእነርሱ አቈጣጠር ባወጡት ሕግ በርሜሉ ከ18 ኢንች፣ ማለት ከ46 ሳንቲሜትር ያህል ያጠረውን የወፍ ጠበንጃ ከመትረየስ ጋራ ቈጥረው በመዝገብ እንዲገባ፣ ሲተላለፍም 200 ዶላር እንዲከፈልበት አዘው ነበር፤ ወንበዴ በካፖርቱ ሥር እንዳይደብቀው ሰግተው ነው። የእኛ ጓንዴ ግን በግልጥ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውል ነበር። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ስለ ከለከለ፣ ይህን የምንተርከው እንዳለፈ ነገር ነው፤ ማንም ልጅ ውጅግራ እንዲቈርጥ አንመክርም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሃይማኖቱ ሥርዐት ነበረ። ቆቅ ከሚበሉት ወፎች ወገን ነው፤ ዳሩ ግን ነፍሱ ሳትወጣ በስመ ሥላሴ ተባርኮ ካልታረደ በክት ነው፤ በክትም በክርስቲያን ቤት አይበላም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አዳኝ የሚባለው የሚተኵሰው ብቻ አይደለም፤ ቢላዋ ይዞ የሚሮጠውም ነው። አንዳችን ስንተኵስ አንዳችን እንሮጥ ነበር።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 30 ቀን፣ በገና ማግሥት ማክሰኞ፣ የንስሐ አባታችን ከላሊበላ በዓል ሲመለሱ ከቤታችን እንደሚያድሩ ተነገረ። አባታችንም በጐረቤቶቹ ፊት «ዛሬ ልጆቼ ለአባታችን ቆቅ ያበሏቸዋል» አለ። የቀረንም የተሞላ ቀለህ አንድ ብቻ ነበረ።

ጧት በአውድማው ዳር ከግርዱ መካከል ሲጭሩ አገኘናቸው። በደረታችን ተስበን 12 ርምጃ ያህል ቀረብን። ቃታውን ማንኛችን እንደ ሳብን ዛሬም ስለምንከራከር እንለፈው። ጢሱ ሲገለጥ አንድ አውራ ቆቅ ክንፉ ተሰብሮ ወደ ገደሉ ሲንከባለል አየን። ብንሮጥም ገደሉ መውረጃ አልነበረውምና ዞረን ስንደርስ ጊዜ አለፈ። ትኵስ ነበረ፤ ነገር ግን አይተነፍስም። እኛም ተያይተን፣ ምንም ሳንነጋገር፣ «በስመ አብ» ብለን አንገቱን ቈረጥነው። ደሙ ጥቂት ጠብ ብሎ ቆመ።

እናታችን በፈላ ውሃ ነክራ ላባውን ነጨች። ብልቱን ስታወጣ ግን እጇ ቆመ፤ ሥጋው ደም ቋጥሮ ነበር። ብረቱን አንሥታ ፍሙን ጥቂት እፍ አለችና ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችን።

«ልጆቼ፣ ስታርዱት ነፍስ ነበረበት?»

«አዎን እማዬ፤ ክንፉን ያማታ ነበር» አልን፤ ሁለታችንም በአንድ አፍ።

እርሷም ሌላ አልጠየቀችንም።

ማታ አባታችን እንግዳውን በክብር አስቀምጦ የተኵሱን ድምፅ እርሱ ራሱ እንደ ሰማ እየተናገረ ሳለ እናታችን ሞሰቡን አቀረበች። ሲከፈት ሽሮ በቅቤና የተቀቀለ ዕንቍላል ነው። እናታችንም ዝቅ ብላ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ልጆቹ ዛሬ አልቀናቸውም፤ ተኵሰው ሳቱ» አለች። አባታችን ወደ እኛ ተመለከተ፤ በጐረቤት ፊት የተናገረው ቃል ወድቆበታልና ፊቱ ጠቈረ። እኛም ኵራዝ ይዘን ቆመን ነበር፤ አልሳትንም ለማለት አፋችንን ብንከፍት ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ያን ሌሊት ውሻው ከጓሮ አጥንት ሲሰባብር ሰማን።

በማግሥቱ አባታችን ሸኙ ብሎ አዘዘን፤ በቅሎዋን እየሳብን እስከ ወንዙ ወረድን። በዚያ መቆም አቅቶን ሁሉንም ተናገርን። የንስሐ አባታችን ሰምተው እያንዳንዳችን ለ7 ቀን በየማታው 40 ስግደት እንድንሰግድ አዘዙ። እኛም «አባታችን፣ እማዬ ሐሰታችንን ያወቀችብን ይመስልዎታል?» አልን።

«እኔ እንኳ ማታ ስገባ ከደጃፉ ላባ ረግጫለሁ» አሉና በቅሎዋን ተቀብለውን ወንዙን ተሻገሩ።