ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪያችን ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ባመለከተ ጊዜ፤ የምስክርነቱን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የጻፍንለት እኛ ነበርን። በትጋቱ ደስ ተሰኝተን ስለ ነበር፤ «ፉልሰም» ምስጋና ይገባዋል ስንል መሰከርንለት። ቃሉን ስንመርጥ «ፉል» ማለት ሙሉ መሆኑን ብቻ አስበን ነበር።

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ያነበበው ባልደረባችን ግን ቃሉን በእርሳስ አሰመረበት። መዝገበ ቃላት ገልጠን ብንመለከት፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ የተትረፈረፈ ማለት የነበረው ቅጽል፤ በኋላ ከልክ ያለፈና ቅንነት የጎደለው ሙገሳ መንቀፊያ ሆኖ አገኘነው። «ለሹሙ የቀረበው ሙገሳ ፉልሰም ነበር» ቢባል፤ የተነቀፉት አመስጋኞቹ ናቸው። ዛሬም በጥንቱ ፍች የሚጽፉ አሉ፤ አንባቢው ግን በየትኛው እንደሚወስደው አይታወቅም። እንግዲህ በእኛ አነጋገር ቢገለጥ፤ ለምንወደው ልጅ ውዳሴ ከንቱ ይገባዋል ብለን በገዛ እጃችን ልንፈርም ነበር።

ቃሉን ሰርዘን፤ ልጁ የሠራውን በተራ ቃል ዘርዝረን ጻፍን። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ቅጽል ሲያጋጥመን፤ በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚውል ሳናይ አንጽፈውም። የቃል ጠባይ ከመልኩ ይልቅ በባልንጀራው ይታወቃልና።