የፈረመ እጅ

በጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ወደ አገሯ መመለሷ ሲነገር፣ ስካይላይን አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነበርን። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን ያያል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ከወረራው በኋላ ጣሊያኖች ወሰዷት። ለብዙ ዓመታትም በሮም አቅራቢያ፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየማቸው ኖራለች።

እኔም ሞቅ ብሎኝ፣ «አሁን እጥብ አድርጎ አዲስ ቀለም መቀባት ነው። ጣሊያን የነካው ምልክት እንዳይቀር!» አልኩ።

ጋሼ ፊት ለፊቴ ማኪያቶአቸውን ያማስሉ ነበር። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነበሩ። «ቀለሙን ከመንካትህ በፊት ምን እንደምታጠፋ እወቅ» አሉኝና ዝም አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሻንቲሊ ይዣቸው ሄድኩ። የስሚዝሶኒያን ኡድቫር ሄዚ ማዕከል ያለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። እንግዳ ለመቀበል ስንት ጊዜ በዚያ እንዳለፍኩ! አንድም ቀን ጎራ ብዬ አላውቅም።

ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለችው ኢኖላ ጌይ እዚያ ናት። እድሳቷ ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ አሉሚኒየሟ እንደ መስታወት ያበራል። እ.ኤ.አ. በ1995 አካሏ በከፊል ለሕዝብ ሲቀርብ የተነሣው ክርክር ግን ስለ ብረቱ አልነበረም። አጠገቧ ምን ይጻፍ? ስለሞቱት ወይስ ስለበረሩት? የሚል ነበር። ጋሼ ጥቂት አዩዋትና አለፉ።

ኤፍ 86 ሳብር ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። የእኛም አየር ኃይል ይህን ዓይነት ነበረው፤ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ድረስ ዘምቶበታል። «ይቺን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታታለሁ» አሉ። አጥሩን አልፈው ሊነኳት እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

ከላይ ሆኖ የእድሳት ክፍሉን ቁልቁል ማየት ይቻላል። እዚያ ፍላክ ቤይት የተባለችው ቢ 26 ቦምብ ጣይ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ላይ ከ200 በላይ ተልእኮ ፈጽማ የተመለሰች፣ ከ1000 በላይ ቀዳዳ የተበሳሳች ናት። ባለሙያዎቹ እንደ አዲስ አላደሷትም። የደበዘዘው የጥንት ቀለሟ እንዳይረግፍ፣ ብረቷም በዝገት እንዳይበላ ይጠብቋታል እንጂ አይቀቧትም። ጦር ሜዳ የተለጠፉት ልጣፎች ሁሉ በቦታቸው አሉ።

ጋሼ ብረቱን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ተመለከቱ።

«እያንዳንዷን ልጣፍ አንድ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ ሠርቷታል» አሉ። ቀጥለውም ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። «በ1969 ክረምት፣ በሶማሊያው ጦርነት፣ አንድ ጠዋት አንዷን ፈትሼ ‹ለበረራ ዝግጁ ናት› ብዬ ፈረምኩ። አልተመለሰችም። ተመትታ ይሁን፣ እኔ ያላየሁት ነገር ኖሮ ይሁን፣ ስብርባሪዋ ስላልተገኘ ማንም አላወቀም። ‹ተመትታ ነው› አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው። እንደዚች ተበሳስታም ቢሆን ብትመለስ፣ ቀዳዳዋን አይቼ አውቅ ነበር።»

የምለው ጠፋኝ። ቡና ቤት ውስጥ ያልኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ለእኔ ጠባሳ ውርደት ነበር፤ ለእሳቸው ግን ምስክር ነው። ጣሊያን ፀሐይ ላይ የተወው ምልክት ካለ፣ እሱም መወሰዷን የሚመሰክር ነው። እሱን ፍቀን ብናጠፋ የምንደብቀው የወሳጁን ሥራ እንጂ የእኛን ውርደት አይደለም።

ወደ መኪናው ስንመለስ፣ «ፀሐይ አጠገብ ምን ቢጻፍ ይወዳሉ?» አልኳቸው።

«የዌበር ስም ይጻፍ። የልዕልቲቱም። ብሎኑን ያጠበቁት ልጆችም አይረሱ።»

ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ መዳፋቸውን በጠርዙ ላይ አሳልፈው፣ በደንብ መዘጋቱን ፈተሹ።