ስለ ሙያ፤ አንድ ተማሪ በምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ያሳለፈው የመጀመሪያ ሳምንት

በቋንቋችን ውስጥ «ሙያ» እንደሚለው ቃል በሁለት ቤት የሚኖር ቃል ጥቂት ነው። በመሥሪያ ቤት «ባለሙያ» ስንል በትምህርት የሠለጠነውን፣ ደመወዝና ማዕርግ ያለውን ሰው ማለታችን ነው። በሰፈር «ባለሙያ ናት» ስንል ግን ወጧ የጣፈጠላትን፣ የእንጀራዋ ዓይን የበዛላትን ሴት ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ክብሩ ግን ሁለት ነው፤ ለፊተኛው ወንበርና ደመወዝ ይሰጠዋል፤ ለኋለኛዪቱ የማጀት ጢስና «እጅሽ ይባረክ» የሚል ምርቃት ይደርሳታል። እነዚህ ሁለት ሙያዎች በአንድ ወጣት ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ባለፈው ወር በቤታችን ስላየን፣ ያየነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

የታላቅ እኅታችን ልጅ የ19 ዓመት ወጣት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በደብረ ማርቆስ ከፈጸመ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የምግብ ዝግጅት ማሠልጠኛዎች በአንዱ ሊማር ወደ እኛ መጣ። አባቱ ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ ሲሆኑ፣ ልጃቸው መሐንዲስ እንዲሆን ሲመኙ ኖረዋል። እርሱም ይህን ስለሚያውቅ «የሆቴል አስተዳደር ልማር ነው» ብሏቸው ተሳፈረ። ሐሰት ነው እንዳይባል ትምህርቱ የሆቴል ሥራ ነው፤ እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ ሊማር የመጣው ማስተዳደርን ሳይሆን ማብሰልን ነው። «ወንድ ልጅ ከማጀት ምን አለው» መባልን ፈርቶ የተናገረው ይህ ግማሽ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከብዶት ሲሰነብት አይተናል። እናታችን፣ ማለት የልጁ አያት፣ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ፣ በየማታው የቀኑን ውሎ ሲነግረን አድማጮቹ እኛና እርሳቸው ነበርን።

ሰኞ ዕለት ድስት የሚጣድ መስሎት ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እሳት አልተለኮሰም። መጀመሪያ የተማረው እጁን መታጠብ ነው፤ ይኸውም በሳሙና፣ ጥፍርና የጣት መካከል ሳይቀር፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ ያህል ነው። ቀጥሎ ነጩን የሥራ ልብስ ለበሰ። ልብሱ በደረቱ ላይ ተደራርቦ በሁለት ረድፍ ቁልፍ የሚዘጋው ለጌጥ አይደለም፤ ድርቡ ጨርቅ ደረትን ከእሳትና ከፈላ ነገር ይጠብቃል፤ ከላይ ያለው ገጽ ሲቆሽሽም ገልብጦ በንጹሑ መቆለፍ ይቻላል። የመክተፊያ ሰሌዳዎቹም በቀለም የተለዩ ናቸው፤ ቀዩ ለጥሬ ሥጋ፣ ሰማያዊው ለጥሬ ዓሣ፣ አረንጓዴው ለሰላጣና ለፍራፍሬ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ተሐዋስያን ፈጥነው ስለሚራቡ፣ ምግብ ከዚህ በታች ቀዝቅዞ ወይም ከዚህ በላይ ሞቆ መቀመጥ እንዳለበት ተማረ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ማታ ሲነግረን፣ «መምህሩ ‹የማታውቁት ሰው ሕይወቱን አምኖ ከእጃችሁ ይበላል› አሉን» አለ። እናታችንም ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ማክሰኞ የቢላ ቀን ነበር። ደነዝ ቢላ ከስለታሙ ይልቅ አደገኛ መሆኑን ተማረ፤ ደነዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ይንሸራተታልና። የግራ እጅ ጣቶች ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቢላውም የጣቶቹን አንጓ ተደግፎ ይወርዳል። ካሮቱን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቀጭን ዘንግ መክተፍ ፈረንሳዮች «ዡሊየን» ይሉታል፤ ያንኑ ዘንግ መልሶ በጥቃቅኑ ወደ አራት ማዕዘን ጠጠር መለወጥ «ብሩኗዝ» ይባላል። ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምንድን ነው ቢባል፣ እኩል ያልተከተፈ እኩል አይበስልምና ነው፤ ትንሹ ሲያርር ትልቁ ጥሬውን ይቀራል። እናታችን ነገሩን ከሰሙ በኋላ አንድ ሽንኩርት አንሥተው፣ ያለ ሰሌዳ በመዳፋቸው ላይ እንደ ያዙት፣ ከዓይን ጥቅሻ በቀር ጊዜ ሳይወስዱ አድቅቀው ከተፉት። «ስሙ አዲስ ነው እንጂ ነገሩስ የቆየ ነው። ሽንኩርቱ ካልደቀቀ ወጡ መች ይዋሐዳል?» አሉ።

ረቡዕ የበሬ አጥንት መረቅ ተሠራ። አጥንቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ ቀስ በቀስ ይሞቃል እንጂ በፈላ ውሃ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ሲሆን ከአጥንቱ የሚወጣው እድፍ ተሰብስቦ በአረፋ መልክ ስለሚንሳፈፍ በጭልፋ ይገፈፋል፤ እንዲንተከተክ ከተለቀቀ ግን ተመልሶ ይቀላቀልና መረቁን ያደፈርሰዋል። ጨውም አይጨመርበትም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨውነቱ ይበረታልና። መምህሩ «የሠራውን የማይቀምስ ምግብ ሠሪ፣ የጻፈውን እንደማያነብ ጸሐፊ ነው» አሉ። ዕለቱ ግን የጾም ቀን ነበረ። ለሚጾሙት ተማሪዎች በሽታውና በመልኩ እንዲለዩ ተፈቀደላቸው፤ የቀሩት ቀመሱ። ልጃችን አንገቱን ደፍቶ መጣና፣ «ሳልቀምስ እንዴት ባለሙያ እሆናለሁ?» አለ።

እናታችን የመለሱለትን መልስ አንረሳውም። «የፋሲካን ዶሮ ወጥ ማን ቀምሶ ሠርቶት ያውቃል?» አሉት።

እውነት ነው። የ55 ቀን ጾም ሲፈጸም፣ በቀዳም ሥዑር ማታ፣ በየቤቱ ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ ይሠራል። ሽንኩርቱ ያለ ቅባት በእሳት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ቅቤው ሲከተል፣ መከለሻው ሲነሰነስ፣ የምትሠራዋ ሴት አንዲት ጠብታ ወደ አፏ አታደርስም። ጨዉን የምትመጥነው በእጇ ነው፤ መብሰሉን የምታውቀው በሽታው፣ በቁሌቱ መልክና በድስቱ ድምፅ ነው። ሌሊት ቅዳሴ ወጥቶ ቤተ ሰቡ ሲገድፍ ግን ወጡ ጨው በዛው ወይም አነሰው የሚል ብዙ ጊዜ አይሰማም። መምህሩም ልክ ናቸው፤ ለማያውቀው እንግዳ በየቀኑ የሚያበስል ሰው መቅመስ ግዴታው ነው። እናታችንም ልክ ናቸው፤ ከምላስ ሌላ የሚቀምስ ዕውቀት አለና። ልጁ ያን ማታ ደብተሩን አውጥቶ ከመምህሩ ቃል ቀጥሎ የአያቱን ቃል ጻፈ።

ሐሙስ ስለ ወጥ ቤት ሥርዓት ተማረ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1846 እስከ 1935 የኖረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ በ1870ው ጦርነት ለሠራዊቱ ምግብ ሠርቷል። ኋላም በታላላቅ ሆቴሎች ውስጥ የወጥ ቤቱን ሥራ እንደ ጦር ክፍል ከፋፍሎ፣ ለሾርባው፣ ለጥብሱ፣ ለዓሣው የየራሱ ኃላፊ እንዲኖረው አደረገ። ይህን ስንሰማ የአገራችን ቤተ መንግሥት ትዝ አለን። በዚያም ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት እየተባለ ሥራው ተለይቶ ነበርና። እቴጌ ጣይቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲፈጸም ያበሉት ያ ሁሉ ሕዝብ ያለ ሥርዓት ሊጠግብ ባልቻለም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድስት የማጠብ ተራ ደረሰው። ከጓደኞቹ አንዱ «ለዚህ ነው የከፈልነው?» ብሎ ሽርጡን ጥሎ ወጣ፤ ዓርብም አልተመለሰም። ልጃችን ግን ያረሩትን ድስቶች እየፈተገ እስኪመሽ ቆየ። ቤት ሲገባ እጁ ነጭቶ ነበር። «ጋሼ፣ አባቴ እንዲህ ሆኜ ቢያዩኝ ምን ይሉ ይሆን?» ሲል ጠየቀን። እኛም፣ «የሚሉትን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ ሳይሰሙ ግን ምንም ሊሉ አይችሉም» አልነው።

ቅዳሜ ማለዳ አባቱ ስልክ ደወሉ፤ እንደ ልማዳቸውም ትምህርቱን ጠየቁ። ልጁ ተነሥቶ ቆመ፤ በስልክም ቢሆን አባቱን ተቀምጦ አያነጋግርምና። «አባዬ፣ የምማረው ምግብ ማብሰል ነው። ሰኞ እጅ መታጠብ ተማርሁ፤ ሐሙስ ድስት አጠብሁ» አላቸው። ከዚያ በኋላ የቆየው ዝምታ ለእኛም ረጅም ነበር። በመጨረሻ የመቶ አለቃው እንዲህ አሉ፤ «እኛ በምሽግ ሳለን ሦስት ቀን ደረቅ ብስኩት በልተን፣ በአራተኛው ቀን ትኩስ ወጥ ተሸክሞ የደረሰልን ሰው ነበረ። የብዙ መኮንን ስም ረስቻለሁ፤ የእርሱን ግን አልረሳሁም። እንግዲህ ስትመጣ ሠርተህ ታበላናለህ፤ የቀረውን ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» ይህ ምርቃት አይደለም፤ ቍጣም አይደለም። ልጁ ግን ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱ ተፈትቶ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንዲት ትንሽ ሚዛን ይዞ ወደ ማጀት ገባና፣ አያቱን «ለአንድ ድስት የሚበቃውን በርበሬ እፍኝ አድርገው ይስጡኝ» አላቸው። ሦስት ጊዜ አስዘግኖ ሦስት ጊዜ መዘነ፤ በሦስቱም መካከል የተገኘው ልዩነት ከ3 ግራም አልበለጠም። እናታችን ስቀው፣ «ሙያ በልብ ነው ሲባል አልሰማህም?» አሉት። እርሱም፣ «ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን በልብ ብቻ ከቀረ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል» ብሎ ቍጥሩን በደብተሩ አሰፈረ።

በአገራችን የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህም ሆኖ ዛሬ ወጣቱ የመረጠውን ትምህርት ለአባቱ በግማሽ ቃል የሚናገር ከሆነ፣ ጉድለቱ በማሠልጠኛው ሳይሆን ለአንድ ቃል ሁለት ክብር በምንሰጠው በሁላችን አነጋገር ውስጥ ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ስለ ሙያ ትምህርት የምንጽፍ ሠራተኞች፣ በየክፍሉ የተማሪን ዝንባሌ የምትመሩ መምህራን፣ ነገ የምትመርጡ ተማሪዎች ይህን ልናስብበት ይገባናል። ከእናቶቻችን እጅ ያለው ዕውቀት ሚዛንና ደብተር ይዞ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። ጠያቂው ሲመጣ «ወንድ ልጅ ከማጀት ምን አለው» ብለን በር ላይ አናስቁመው፤ ድስቱን አጥቦ የገባ ነውና።